የአቶ የኋላሸት ኩሬ

አቶ የኋላሸት በየካቲት ወር ጓሯቸውን መቆፈር ሲጀምሩ የሰፈሩ ሰው የየራሱን ግምት ሰጠ። አንዱ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው አለ። ሌላው ሰርቪስ ቤት ሊሠሩ መሠረት እያወጡ ነው አለ። ባለቤታቸው ወይዘሮ በቀለች ግን ከማድቤቱ በር ላይ ቆመው ጉድጓዱን በዐይናቸው ለክተው፣ "መቃብርህን ከሆነ በጣም አስፍተኸዋል፤ እኔንም አስበህ ከሆነ አልመጣም" አሉ።

አቶ የኋላሸት ቀና ብለው ፈገግ አሉና መቆፈራቸውን ቀጠሉ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ ሦስት ዓመት አሰላ ከተማ ውስጥ ቧንቧ ሲቀብሩና ቦይ ሲቀድዱ ኖረዋል። ውሃ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም፤ መሬቱን ረገጥ ረገጥ አድርገው ይናገራሉ።

ከጓሯቸው በታች፣ ዛሬ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ የተደረደረበት ሰፈር፣ ድሮ ጨፌ ነበር። በክረምት ላም ትሰጥምበታለች፣ የጋጋኖ ወፍ ይሰፍርበታል፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ እንቁራሪቱ ሲጮህ ደጅ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች ለመነጋገር ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ነበረባቸው። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጨፌው ይድረቅ የሚል ወረቀት ከበላይ መጣ። የቦይ ቆፋሪዎቹ አለቃ የያኔው ጎልማሳ የኋላሸት ነበሩ። በአሥራ አንድ ቀን ጨረሱት። ቦዩ ቀጥ ያለ፣ ቁልቁለቱ ያልተዛነፈ፣ ተመስግነው የተሸለሙበት ሥራ ነበር። ቀጥሎ በመጣው ክረምት እንቁራሪቱ ቀነሰ። በሦስተኛው ዓመት ዝም አለ።

ይህን ነገር ለአርባ ዓመት ያህል ለማንም አንስተው አያውቁም። ወይዘሮ በቀለች ግን ጉድጓዱ ወገብ ሲደርስ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባቸውና አንድ ቀን ምሳ እያቀረቡ የምራቸውን ጠየቋቸው።

"ያደረቅሁት እኔ ነኝ" አሉ አቶ የኋላሸት። "ሁሉን መመለስ አልችልም፤ ሰው ቤት ሠርቶ ልጅ ወልዶበታል። በገዛ ግቢዬ ግን ማን ይከለክለኛል?"

ወይዘሮ በቀለች እንጀራ ጨመሩላቸው።

ኩሬው በእርምጃ ሰባት በአምስት ነው። ዳርና ዳሩን እንደ ሳህን አዘቅዝቀው ቆረጡት፤ ገብቶ መውጣት የሚያቅተው ፍጥረት እንዳይኖር ነው። አጥሩ ሥር የነበሩትን አራት ባሕር ዛፎች ራሳቸው ተክለዋቸው ነበር፤ ራሳቸው ጣሏቸው። ባሕር ዛፍና ኩሬ በአንድ ግቢ አይኖሩም አሉ። የቧንቧ ውሃ መድኃኒት ስላለበት አልፈለጉትም። ከቤቱ ጣሪያ ላይ የሚወርደው የዝናብ ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ወደ ጉድጓዱ እንዲገባ አደረጉ።

ይህን ሁሉ አስበው አንድ ነገር ተሳሳቱ። ውሃው እንዳይሰርግ ጉድጓዱን በጭቃ መለሰን ነበረባቸው። ጭቃ ሲባል ደግሞ እሳቸው የሚያውቁት የቤት ጭቃ ነው። ሦስት ቤት አቁመዋል። ስለዚህ ቀይ አፈሩን በጤፍ ጭድ ለወሱት፣ ሦስት ቀን አቡክተው አስቀመጡት፣ በእግራቸው ረገጡት፣ ጉድጓዱን ግድግዳ እንደሚመርግ ሰው አሳምረው መረጉት። በልጉ ጥሩ ጣለና ኩሬው ሞላ። በሁለተኛው ሳምንት ውሃው ጠቆረ። በሦስተኛው ሳምንት ከሥሩ አረፋ እየወጣ ፈላ፤ ሽታው አጥር ዘለለ። ጭዱ በውሃው ውስጥ እየበሰበሰ ነበር። እሱ ሲበሰብስ ደግሞ ጭቃው ወንፊት ሆነና ውሃው ቀስ በቀስ ሰረገ።

ከአጥሩ ማዶ ጌትነት የሚባል ጎረቤት ለኪራይ የሚሆኑ ክፍሎች እያሠራ ነበር። ሽታውን ይዞ ቀበሌ ሄደ። የሽማግሌው ቆሻሻ ኩሬ ተከራይ ያባርርብኛል፣ ትንኝም ይፈለፍልብናል ብሎ አመለከተ። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገባና እዚያው ተኛ።

አቶ የኋላሸት የማመልከቻውን ነገር ሰምተው ንቀው ተዉት። ያላስተኛቸው የጭቃው ነገር ነው። መፍትሔውን ያመጣላቸው ቱሳ ነው። ቱሳ የፈረስ ጋሪ ነጂ ነው፤ ከሀያ ዓመት በላይ ቧንቧቸውን ያመላለሰ ወዳጃቸው። የኩሬውን ዳር ዞሮ ዞሮ አየና በጅራፉ እጀታ ጭቃውን ጫር አደረገ።

"ቤት ነው የሠራኸው፣ በርና መስኮት ብቻ ቀረው" አለ። "አባቴ ለከብቱ መጠጫ ሀሮ ሲያወጣ ጭድ የሚባል አያውቅም። ጭድ ለከብቱ አፍ ነው። ለሀሮው የከብቱ እግር ይበቃል።"

ጉድጓዱን አጠፉት ማለት ይቀላል፤ ጠርገው እንደ አዲስ ጀመሩት። ቱሳ ከወንዝ ዳር ሰማያዊ የሸክላ አፈር በጋሪ አመላለሰ። ከዚያ ሁለቱን ፈረሶቹን ከጋሪው ፈታና ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ ሁለት ቀን ሙሉ እያዞረ አስረገጣቸው። እርጥብ ጭቃው በፈረስ ክብደት ታሽቶ ታሽቶ እንደ ሊጥ ተያያዘ። ጌትነት ከግንበኞቹ ጋር አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጋሼ የፈረስ ጉግስ በጓሯቸው ከፈቱ እያለ ሳቀ። ቱሳ ለድካሙ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ፈረሶቹ ማታ ማታ ከጋሪ ሲፈቱ ከኩሬው እንዲጠጡ። አቶ የኋላሸትም፣ እነሱ የሠሩትን ውሃ እነሱ ካልጠጡት ማን ይጠጣዋል አሉ።

በሰኔ ኩሬው ሞላ፤ አልሰረገም። ፊላና ቄጠማ ከነሥሩ በማዳበሪያ ከረጢት አምጥተው ጥልቀት በሌለው በኩል ተከሉ። መካሪ አላጡም። አንዱ ዓሣ ጨምሩበት አላቸው፣ ሌላው ዳክዬ። ሁለቱንም እንቢ አሉ። ዓሣ የእንቁራሪቱን እንቁላል ይበላል፣ ዳክዬ ደግሞ የተረፈውን ይጨርሳል። የሚመጣው ራሱ ፈልጎ ይምጣ አሉና ጠበቁ።

በሐምሌ መጣ። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ አንድ ጠዋት ፊላው ሥር እንቁራሪት ጮኸ። በሳምንቱ አቶ የኋላሸት ወይዘሮ በቀለችን ጠርተው ቄጠማው ላይ የተጣበቀውን፣ መሐሉ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን የሚያዳልጥ ነገር አሳዩዋቸው። ወይዘሮ በቀለች አፍንጫቸውን ይዘው፣ እንቁላል ቢሆን እንኳ ጠብሼ አላቀርብልህም አሉ። በነሐሴ ግን ዘመድ ሲጠይቃቸው ከቤት በፊት ጓሮ ይዘው የሚዞሩት እሳቸው ሆኑ፤ ጭራ ያላቸውን የእንቁራሪት ልጆችም እንደ ራሳቸው ጫጩት ይቆጥሩ ጀመር።

መስከረም ጠባና ወባን የመከላከል ዘመቻ ተጀመረ። ያኔ የጌትነት ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት ተነሣ።

ደብዳቤውን ይዛ የመጣችው ጁወይሪያ የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ወደ ሰፈሩ ከተዛወረች ዓመት አልሞላትም። አቶ የኋላሸት መነጽራቸውን አድርገው በሩ ላይ እንደቆሙ ሁለት ጊዜ አነበቡት። በግቢዎ ውስጥ ያቆረውን ውሃ እስከ መጪው ቅዳሜ ድረስ እንዲደፍኑ፣ ካልደፈኑ ቀበሌው በራሱ ሠራተኞች የሚያስደፍን መሆኑን እንገልጻለን ይላል። ከሥሩ የሊቀመንበሩ የአቶ ዲሪባ ፊርማና ማኅተም አለ። ልጅቱ መረከባቸውን እንዲፈርሙ መዝገቡን ዘረጋችላቸው።

"አልፈርምም" አሉ።

"አባባ፣ ቢፈርሙም ባይፈርሙም ደርሶዎታል።"

"ደርሶኛል። አልፈርምም። ኩሬውም አይደፈንም።"

ጁወይሪያ መዝገቡን ዘጋችው። ጮክ ብላ አልተናገረችም። "እኔ ያደግሁት አቦምሳ ነው፣ ቆላው ጫፍ" አለች። "የሰባት ዓመት ወንድሜን ወባ ነው የወሰደብኝ። ሰው ኩሬ አይቶ ያምራል ሲል እኔ አያምረኝም።"

አቶ የኋላሸት መነጽራቸውን አውልቀው ያዙት።

"ነፍሱን ይማር" አሉ። "በወንድምሽ ነገር አልከራከርሽም። ግን ልጄ፣ ይህን ኩሬ አይተሽዋል? ወረቀቱን የጻፈውስ አይቶታል?"

አላየሁትም አለች።

"እንግዲያው ነገ ጠዋት ዕቃሽን ይዘሽ ነይና መርምሪው። ከዚህ ኩሬ አንዲት የወባ ትንኝ እጭ ካወጣሽ፣ የማንም ሠራተኛ አይመጣም፤ በገዛ አካፋዬ እደፍነዋለሁ። ቃሌ ነው።"

ጌትነት ይህን ከአጥሩ ማዶ ሰማ። በማግሥቱ ጠዋት ጓሮው ውስጥና አጥሩ ላይ አሥር የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። ቱሳም ጋሪውን በር ላይ አቁሞ ገብቷል።

ጁወይሪያ ረጅም እጀታ ያለው ነጭ ጭልፋ ይዛለች። ቦት ጫማዋን አድርጋ ኩሬውን ከአንድ ጫፍ ጀመረች። ትቀዳለች፣ ወደ ብርሃን ታዞራለች፣ አተኩራ ታያለች፣ ትደፋለች። የውሃ ጥንዚዛ ወጣ። በጀርባው የሚዋኝ ነፍሳት ወጣ። የኋላ እግር ያበቀለ የእንቁራሪት ልጅ ወጣና ወይዘሮ በቀለች ቀስ አድርጊው አሏት። ሃያ ጊዜ ቀዳች። ሃያውንም ጊዜ "የለም" አለች። አቶ የኋላሸት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል፤ ወደ አጥሩ አንዴ እንኳ አልተመለከቱም።

ከዚያ ፈረሶቹ የሚጠጡበት ዳር ስትደርስ ጎንበስ አለች። መሬቱ እዚያ በኮቴ ተበሳስቷል። እያንዳንዱ ኮቴ የሲኒ ያህል ውሃ ይዟል፤ ከኩሬው በአንድ ጣት ደረቅ መሬት ተለይቶ። ከአንዱ ኮቴ ቀዳች። ቀና ሳትል ቆየች።

"አሉ" አለች በዝግታ።

ሁሉም ቀረበ። ነጩ ጭልፋ ውስጥ እንደ ቅንድብ ፀጉር የቀጠኑ ነገሮች በውሃው ፊት ላይ አግድም ተኝተዋል፤ ስትነካቸው ይሸሻሉ። አግድም የሚተኛው የወባዋ ነው ብላ አስረዳች። ከአምስት ኮቴ አሥራ ሰባት አወጣች።

"ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው የሚባለው ጋሼ" አለ ጌትነት ከአጥሩ ላይ።

"ኮቴው የፈረሴ ነው" አለ ቱሳ። "ክስ ካለ ፈረሴን ጥሩት፤ መጥሪያውን እኔ እፈርምለታለሁ።"

ሰው ሳቀ። አቶ የኋላሸት አልሳቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሃ አውቃለሁ ሲሉ ኖረው፣ ለውለታ ብለው በከፈቱት በር የገባውን አላዩም። እንቁራሪቱም ጥንዚዛውም የማይደርስበት፣ በአንድ ጣት መሬት የታጠረ የሲኒ ውሃ ነው ያዋረዳቸው።

አካፋቸውን አነሡ። ኮቴዎቹን አንድ በአንድ በአፈር ሞሉ፣ በእግራቸው ጠቀጠቁ፣ ዳሩን አስተካከሉ። ሲጨርሱ ኩሬው ሲቆፈር ወደ ተከመረው አፈር ሄዱና አካፋውን ሞልተው ወደ ኩሬው ዞሩ።

"አንተ ሰውዬ፣ የምርህን ነው?" አሉ ወይዘሮ በቀለች።

"ቃሌ ነው" አሉ። ግን አልደፉትም። "ከመቅበሬ በፊት የምቀብረውን ሰው ይየው። ነጩን ሳፋ አምጪልኝ።"

ሳፋው መጣ። አቶ የኋላሸት አካፋውን ከነአፈሩ መሬት ላይ አኑረው በጉልበታቸው ተንበረከኩና ከፊላው ሥር ውሃውን ከነነዋሪው ቀዱ። "አሁን ያንቺን አሥራ ሰባቱን ጨምሪበት" አሏት።

ጁወይሪያ አመነታች። ከዚያ ጭልፋዋን ሳፋው ውስጥ ደፋች።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ከሳፋው ሥር ቅጠል የመሰለ ቡናማ ነገር ተንቀሳቀሰ። ልጆች ሄሊኮፕተር የሚሏት፣ አራት ክንፍ ያላት በራሪ ከማደጓ በፊት በውሃ ውስጥ የምትኖረው እንዲህ ሆና ነው። ታጥፎ የተደበቀ መንጋጋዋን እንደ ክንድ ወርውራ አንዱን እጭ ያዘች። ለመዋጥ ጊዜ አልፈጀባትም፤ ወደ ሁለተኛው ዞረች። በጀርባው የሚዋኘውም ከላይ መጣ። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ሳፋው ላይ ተደፍቷል፤ ጌትነት ሳይቀር ከአጥሩ ወርዶ ገብቷል። ጁወይሪያ በከንፈሯ ትቆጥራለች። አሥራ አንድ። ስምንት። አንድ ሰው ሊያወራ ሲል በእጇ ዝም አሰኘችው። ሁለት ቀሩ። ከዚያ አንዱ የሳፋውን ጥግ ይዞ ጥቂት ቆየ፤ እሱም ተበላ። ልጅቱ ፊቷ ላይ ደስታ የሚባል አልነበረም፤ ደመኛው ሲገደል ቆሞ እንደሚያይ ሰው ነበር የምታየው።

አቶ የኋላሸት መሬቱን ተደግፈው ተነሡና አካፋቸውን እንደገና አነሡ።

"ቃል የሰጠሁት ለጌትነት አይደለም፤ ለአንቺ ነው" አሏት። "ልድፈን?"

ጁወይሪያ ኩሬውን አየች፤ የተደፈኑትንም ኮቴዎች አየች።

"ከኩሬው አላገኘሁም። ያገኘሁት ከኮቴው ነው፤ የተገኘበትን ደፍነዋል። ሪፖርቴ ላይ ያየሁትን እጽፋለሁ።"

"ምሬያቸዋለሁ ማለትሽ ከሆነ አልፈልግም።"

"ምሕረት አይደለም አባባ። ፈረሶቹ ከዛሬ ጀምሮ በባልዲ ይጠጣሉ። ዳሩን በየቀኑ እየዞሩ ያያሉ። እኔም በየሳምንቱ መጥቼ እቀዳለሁ። ከኩሬው አንዲት ባገኝ ያን ቀን አካፋውን ራሴ ነኝ የማቀብልዎት።"

"እሱ ንግግር ነው" አሉ፤ አፈሩን ወደ ክምሩ መልሰው ደፉ።

ልጅቱ ስትወጣ በጌትነት በር በኩል አለፈች። ግንበኞቹ ሲሚንቶ የሚያጠጡበት ክፍት በርሜል በር ላይ ቆሟል። ጭልፋዋን ሰደድ አድርጋ ቀዳች፤ ጭልፋው ጥቁር እስኪል ድረስ በእጭ ተሞልቷል። ጌትነት፣ ይኼማ ለሥራ የተቀመጠ ነው አለ። እሷም፣ ይህን ለትንኟ አልነገሯትም ማለት ነው ብላ እስኪደፋው ድረስ ቆማ ጠበቀችው። ቱሳ በጋሪው ላይ ሆኖ፣ ይህኛውን የማን ፈረስ ረገጠው እያለ ሰፈሩን ሙሉ ጠየቀ።

ቅዳሜ፣ የደብዳቤው ቀን፣ ሊቀመንበሩ ዲሪባ ራሱ መጣ። አካፋ የያዙ ሁለት ሠራተኞች ከኋላው አሉ። ከሠላሳ ዓመት ብዙም ያልዘለለ፣ ጫማው የተወለወለ ሰው ነው። የጁወይሪያን ሪፖርት በእጁ ይዟል። አቶ የኋላሸት ኩሬው ዳር የጽድ ግንድ ሲያገላብጡ ነበር፤ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ሰላምታውን መለሱ።

"ጋሼ፣ ሪፖርቱን አንብቤዋለሁ" አለ። "ችግሩ ደብዳቤው ወጪ ሆኗል። ማኅተም ተመቶበታል።"

"ማኅተሙ የተመታው ወረቀቱ ላይ ነው እንጂ ውሃው ላይ አይደለም።"

ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። ዲሪባ ሊቆጣ ፈለገና ተወው። እኔም የታዘዝኩ ነኝ፣ ይረዱኝ አላቸው።

አቶ የኋላሸት ቀና አሉ። "አንተ ሳትወለድ እንዲሁ ማኅተም ያለበት ወረቀት መጥቶልኝ ያውቃል። እሺ ብዬ አንድ ሙሉ ጨፌ በአሥራ አንድ ቀን አደረቅሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን 'ለምን እሺ አልክ' ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ከራሴ በቀር። እንቢ ማለት ዘግይቼ ነው የተማርኩት። አሁን ሠራተኞችህን አስገባ ካልክ በሩ ክፍት ነው። እኔ ግን ከዚህ ውሃ ውስጥ ገብቼ እቆማለሁ፤ አፈሩን በላዬ ላይ ይድፉት።"

ከማድቤቱ በር ወይዘሮ በቀለች ብቅ አሉ። "ብቻውን አይደለም የሚቆመው፤ እኔም ጫማዬን እያወለቅሁ ነው" አሉ።

ዲሪባ ባልና ሚስቱን እያፈራረቀ አየ። ሪፖርቱን ገለጠ፣ አጠፈ።

"እሺ፣ 'ለጊዜው ይቆይ' ብዬ ልጻፍበት?"

"ለጊዜው ያልሆነ ማን አለ? እኔም ለጊዜው ነኝ፤ አንተም ለወንበሩ ለጊዜው ነህ። ጻፍ። ግን 'ግለሰቡ ስለጠየቁ' ብለህ እንዳትጽፍ። አልጠየቅሁም።"

ሊቀመንበሩ ሪፖርቱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ኅዳጉ ላይ ጻፈና ፈረመ። ሠራተኞቹን መልሶ ሰደዳቸው። እሱም ሊከተላቸው ሲል አቶ የኋላሸት የጽዱን ግንድ በአንድ ጫፍ አንሥተው አስቆሙት። ትናንት አንዲት የዋኔ ወፍ ጫጩት ጥልቁ ውስጥ ወድቃ ዳር መድረስ አቅቷት ልትሞት ነበር፤ ግንዱ እንደ መሰላል ዘንበል ብሎ ከገባ የወደቀ ሁሉ ረግጦት ይወጣል አሉት። ብቻቸውን ግን አልቻሉትም።

"ና፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝ" አሉት።

ዲሪባ ጫማውን አየ። ከዚያ ወረቀቱን ኪሱ ከተተና ግንዱን ያዘ።

"ዝቅ አድርገው" አሉ አቶ የኋላሸት። "ገና ነው። ወደ ፊት ግባ።"